የግራው እግር

«ግራ እግሩ የማን ነው?» አለ ባዘዘው።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ወደ ግድግዳው አሰገጉ። የፍሬወይኒ ሥዕል ከሌሎቹ መሃል በፕላስተር ተለጥፏል። ወንበር ላይ ጎንበስ ብሎ የተቀመጠ፣ ክንዶቹን ጭኖቹ ላይ ያሳረፈ ሰው ነው። እስካሁን የተናገሩት ሁሉ አመስግነውት ነበር። የሌላ ሰው ሥዕል ማመስገን ጥርስ ከመነቀል የሚብስበት ስምዖን እንኳ «ፊቱ አሪፍ ነው፤ አሁን ሊያወራኝ ነው የሚመስለው» ብሎላት ነበር።

«የማን ነው ማለት?» አለች ፍሬወይኒ። ድምጿ ቀጥኖ ወጣ።

«የዚህ ሰውዬ አይደለም ማለቴ ነው።» ባዘዘው እርሳሱን ይዞ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። የጎንደር ልጅ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕንፃ ተማሪ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት መቐለ፣ ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ ወዳለው የወጣቶች ማዕከል እየመጣ ሥዕል የሚወዱ ልጆችን ያሰባስባል። ትግርኛው ገና ስለሆነ ቡድኑ የሚግባባው በአማርኛ ነው። «ቀኝ እግሩን እዩት። ጉልበቱ ደክሞታል፣ ሱሪው ተጨማዷል፣ ክብደቱ ያረፈው እዚህ ነው። ትከሻውም ወገቡም ወደ ቀኝ አጋድሏል። ግራው ግን ምንም አልተሸከመም። ባቱ ደግሞ የጎረምሳ ባት ነው። ከሌላ ሰው ነቅለሽ ያመጣሽው ነው የሚመስለው።»

ልጆቹ ሳቁ። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነው፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ሁሉም በየተራው ይሳቅበታል። ትንሽ ቀደም ብሎ የስምዖን ሥዕል ተራ ሲደርስ ኢኽላስ «ጣቶቹን ልጣችሁ ብሉ፣ ሙዝ ናቸው» ብላ ክፍሉን በሳቅ አተራምሳው ነበር። ስምዖንም አብሮ ስቆ፣ «እሺ፣ እጅ እለማመዳለሁ» አለ። ደንቡ እንዲህ ነው። የሚተቸው ሥዕሉ እንጂ ሳዪው አይደለም። የተተቸም አይከራከርም፤ ያስተካክላል።

ፍሬወይኒ ግን አልሳቀችም። ጆሮዋ ሲግል ተሰማት።

«ያየሽውን ነው ወይስ ያሰብሽውን የሳልሽው?» አላት ባዘዘው። ለሁሉም የሚያቀርበው ጥያቄ ነው።

«እየተንቀሳቀሰብኝ ነው። አባቴ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም።»

«ብስክሌተኛ አይደሉ?» አለች ኢኽላስ ከጎኗ። «እግራቸው መች ያርፋል!» ልትረዳት ብላ ነው።

«አዎ» አለች ፍሬወይኒ።

ባዘዘው ሥዕሉን ነቅሎ ትልቁ የካርቶን ማህደሩ ውስጥ አስገባው። «ይሄ እኔ ጋ ይቆይ፤ ስለ ክብደት ሳስረዳ ይጠቅመኛል። አንቺ ግን ተመልሰሽ እዪው። ሌላውን ተዪና እግሩን ብቻ እዪው።»

ችግሩም ይኸው ነበር። የሚታይ እግር የለም።

የፍሬወይኒ አባት ፍሰሃ ከጦርነቱ በፊት በመቐለ ጎዳናዎች ላይ ብስክሌት ይወዳደር ነበር። ስሙ እንደ ታላላቆቹ አይጠራም እንጂ እሑድ ጠዋት ውድድር ሲኖር የሰፈሩ ልጆች መንገድ ዳር ተሰልፈው «ፍሰሃ! ፍሰሃ!» ይሉት እንደነበር ፍሬወይኒ ታስታውሳለች። በጦርነቱ ጊዜ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ግራ እግሩን መታው። መድኃኒት በጠፋበት ሰሞን ስለነበር ቁስሉ አመረቀዘ፤ ሐኪሞቹም ነፍሱን ለማትረፍ ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ሰው ሠራሽ እግር ተሠርቶለታል፤ ነገር ግን ቆዳውን ስለሚልጠው አብዛኛውን ጊዜ አያደርገውም። የሱሪውን ግራ እግር ወደ ላይ አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይይዘውና በክራንች ይሄዳል። አሁን ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ፣ ትንሽ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ብስክሌት ይጠግናል።

የፍሬወይኒ ውሸት የተጀመረው በአንዲት ቃል ነው። ቡድኑን የተቀላቀለች ዕለት ባዘዘው እያንዳንዱን ልጅ ከቤቱ ማንን መሳል እንደሚፈልግ ጠየቀ። «አባቴን» አለች። «ብስክሌተኛ ነው።» «ነበር» ማለት ሲገባት «ነው» አለች። ልጆቹ ዞረው በአድናቆት አይዋት፤ በዚህ ከተማ ብስክሌተኛ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ያን አስተያየታቸውን ወደደችው። ቃሏን መመለስ ከዚያ በኋላ አልሆነላትም።

ደግሞ ሌላ ነገር ነበረባት። አምና አባቷ ካርድ ሊቀበልላት ትምህርት ቤት መጥቶ ግቢውን በክራንቹ ሲያቋርጥ፣ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ጨዋታቸውን አቁመው ፀጥ አሉ። አንዲት የክፍሏ ልጅ ትከሻዋን አቀፍ አድርጋ «አባትሽ ናቸው? ኣየ፣ ምስኪን!» አለቻት። ልጅቷ በደግነት ነው ያለችው፤ ያች «ምስኪን» ግን ፍሬወይኒ ላይ እንደ ማስቲካ ተጣበቀች። ክፍል ገብታ አባቷ ተመልሶ ከግቢ እስኪወጣ ድረስ በመስኮት ስታየው ቆየች። ከዚያ ወዲህ አባቷ ትምህርት ቤት መጥቶ አያውቅም። ሥራ ስለበዛበት ሁልጊዜ የምትመጣው እናቷ ናት።

የዚያን ቀን ቅዳሜ ማታ እራት ላይ ጥያቄው እንደሚመጣ ታውቅ ነበር፤ መጣም።

«እሺ፣ ሥዕሉን ምን አሉት?» አላት አባቷ። ለዚያ ሥዕል ሲል ምሽት ምሽት ወገቡ እስኪደነዝዝ ተቀምጦላታል። «ፊትህን ወደ ብርሃኑ»፣ «አገጭህን ትንሽ ዝቅ» ስትለው አንድም ቀን ሳያጉረመርም እንዳለችው ሆኗል።

«ጥሩ ነው አሉ።»

«ጥሩ ብቻ?»

«ፊቱን ወደዱት።»

«ሰማሽ ኣብረኸት?» ወደ ሚስቱ ዞረ። «ፊቴን ወደዱት! አንቺ ይሄን ፊት ስንት ዘመን ዝም ብለሽው ኖርሽ።»

እናቷ ሳቀች። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታ ጫማዋን ማውለቋ ነበር። «አምጪዋ እንየው፤ እኔም ልውደደው» አለች።

«እዚያ ነው ያለው» አለች ፍሬወይኒ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ። «ባዘዘው ወስዶታል። ለማስተማሪያ።»

«ለማስተማሪያ!» አባቷ ቁራሹን እንደያዘ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ላለማየት ውኃ ልትቀዳ ተነሣች። ከራስጌው ግድግዳ ላይ አባቷ በወጣትነቱ ብስክሌት ላይ ሆኖ የተነሣው ፎቶ ተሰቅሏል። ያንን የጠነከረ ግራ እግር መስመር በመስመር የቀዳችው ከዚያ ፎቶ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባዘዘው ቦርሳውን በትከሻው፣ ማህደሩን በብብቱ ይዞ በር ላይ ጠበቃቸው። «ዛሬ ክፍል የለም። ሰው ሥራው ላይ እያለ ነው የምንስለው። ቀዳማይ ወያነ እንሄዳለን።»

ፍሬወይኒ ወደ ባዘዘው ተጠጋች። «ለምን ሌላ ቦታ አንሄድም? ገበያው እኮ ግፊያ ነው።»

«ግፊያውን ነው የምፈልገው» አለ ባዘዘው።

ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ ከወረዱ በኋላ በእግር ገበያው ውስጥ ገቡ። ፍሬወይኒ የምትችለውን ያህል ከላይኛው ጫፍ እንዳይርቁ ታገለች። በርበሬ የምትሸጥ ሴት አሳየቻቸው፤ ጋሪ የሚጭኑ ሰዎች አሳየቻቸው፤ «እዚህ ጥላ አለ፣ እዚህ እንቀመጥ» አለቻቸው። ቆመው በፍጥነት ሳሉ፤ ወረቀት ለወረቀት ተያዩ። ኢኽላስ የፍሬወይኒን ጋሪ ጫኝ አይታ «ጭንቅላቱ ከዕቃው ይከብዳል» አለቻት። እውነቷን ነው፤ ፍሬወይኒ በላጲስ አሳነሰችው። እንዲህ እያሉ ያልፋል ብላ ተስፋ ማድረግ ስትጀምር የስምዖን ድምፅ ተሰማ።

«እዩት እዩት! ጎማ የተሰቀለበት ሱቅ! ባዘዘው፣ እጅ እለማመዳለሁ አላልኩም? ይኸውልህ የሚሠራ እጅ!»

ሁሉም ተከተሉት። እሷም ተከተለች፤ ምን ብላ ትቀራለች?

አባቷ ሱቁ ደጃፍ ላይ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ የብስክሌት ጎማ ጭኑ ላይ አሳርፎ እያሽከረከረ ነበር። ክራንቹ ቆርቆሮው ላይ ተደግፏል። ቀና ሲል መጀመሪያ ያያት እሷን ነው። ፊቱ በራ። አፉ «ጓ...» ብሎ ሊጠራት ተከፈተ።

ፍሬወይኒ ዓይኗን ሰበረች። ጎማ እንደምታይ፣ መንገድ እንደምታይ ሆና ከኢኽላስ ትከሻ ኋላ ገባች። ቅጽበት ናት፤ አባቷ ግን አያት። አፉን ገጠመ። የተኛ ሰው እንዳይነቃ ብሎ መብራት እንደሚያጠፋ ሰው፣ ከፊቱ ላይ ያን ብርሃን ቀስ አድርጎ አጠፋው።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» አለ ባዘዘው። «ሥዕል የምንለማመድ ልጆች ነን። ከፈቀዱልን ሥራዎን እየሠሩ እንሳልዎት?»

«እኔን?» አባቷ ሳቅ አለ። «ሙሉ ሰው ጠፍቶ ነው?»

ልጆቹ ይሳቁ አይሳቁ ጨነቃቸው። ስምዖን ግን ፈጠን ብሎ «እኔ ኣያ፣ የምፈልገው እጅዎን ነው» አለ።

«እጅማ አላጣሁም።» አሁን ሁሉም ሳቁ። «በሉ ሳሉ። ደሓን፣ ደሓን።»

ያረጁ ጎማዎች ላይና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ፍሬወይኒ ከሁሉም ርቃ ተቀመጠች። አባቷ ጎማውን አንሥቶ እንደገና ሥራውን ጀመረ፤ ግን ማንም ሳይነግረው በርጩማዋን ጠጋ አድርጎ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረ፤ አገጩንም ትንሽ ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ሞዴል ሆነው ያውቃሉ እንዴ?» አለ ባዘዘው ተገርሞ።

«እኔ? ከየት አውቄ።»

የፍሬወይኒ እርሳስ ወረቀቱ ላይ ተገተረ። እንደዚያ መቀመጥን ያስተማረችው እሷ ናት። ፊቱን መሳል አልቻለችም፤ ፊቱን ለመሳል ማየት ያስፈልጋል። እግሩን መሳል አልቻለችም። ጭኑ ላይ የሚሽከረከረውን ጎማ መሳል ጀመረች፤ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ሌላ ምንም።

ሲበቃቸው ባዘዘው እየዞረ አየላቸው። የስምዖን እጆች ሙዝ መሆናቸው ቀርቶ አንጓ አብቅለዋል። «አውራ ጣቱ ብቻ አጥሯል» አለው፤ ስምዖን ግን ለመደሰት ያን ያህል በቅቶታል። አባቷም «ለኔስ አታሳዩኝም?» አለ። ወረቀቶቹን በየተራ ተቀበለ፤ ቅባቱ እንዳይነካቸው በጣቶቹ ጫፍ ነው የሚይዛቸው። ኢኽላስ ሙሉ ሰውነቱን፣ ከነክራንቹ፣ ከነታጠፈው ሱሪ ነው የሳለችው። አባቷ አየት አድርጎ ፈገግ አለ።

«መርፌ ቁልፏን እንኳ አልረሳሻትም። ጎበዝ፣ ጓለይ።»

ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው። በዚህ ከተማ ትልልቅ ሰዎች ለማንኛዋም ልጅ የሚሉት ቃል ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ቀጥሎ ወደ ፍሬወይኒ ዞረ።

«የአንቺስ፣ ጓለይ?»

በዚያው ድምፅ ነው ያላት። ከኢኽላሷ ያልበለጠች፣ ያላነሰች ጓለይ። ፍሬወይኒ ወረቀቷን ዘረጋች። «ጎማውን... ጎማውን ብቻ ነው የሳልኩት።»

አባቷ ጎማውን አየ። «ጥሩ ጎማ ነው» አለ፤ መለሰላት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ! ባዘዘው ግን ገና ማስተማሩ ነበር። «አሁን ስለ ክብደት የነገርኳችሁን እዩ» ብሎ ማህደሩን ከፈተ። «ጋሼ ክብደታቸው የት እንዳረፈ ተመልከቱ፤ ቀኝ ዳሌያቸው ላይ። ትከሻቸው ይከተላል። አሁን ደግሞ ባለፈው ያየነውን...» ወረቀቱን አውጥቶ ለሁሉም እንዲታይ ወደ ላይ ያዘ። «እዚህ ላይ ትከሻው ልክ እንደሳቸው ነው፤ ስለዚህ ግራ እግሩ...»

ቆመ። ወረቀቱን አየ፤ በርጩማው ላይ የተቀመጠውን ሰው አየ። እጁ ከነወረቀቱ አየር ላይ ቀረ።

«እንዴ!» አለ ስምዖን። «ይሄማ እሳቸው ናቸው!»

ከላይ ከገበያው የሻጮች ጩኸት ይመጣል፤ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። የኢኽላስ ዓይን ፍሬወይኒ ላይ አረፈ፤ ወዲያው ደግሞ ተነሣላት።

አባቷ እጁን ዘርግቶ ሥዕሉን ተቀበለ። ብዙ ጊዜ አየው። ፊቱን አየ፣ ክንዱን አየ፣ ወደ ታች ወርዶ ግራው እግር ላይ ቆየ። ፍሬወይኒ ያለችበት መሬት ቢከፈት በደስታ ትገባ ነበር።

«ሰው ከሰው ይመሳሰላል» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የወትሮው ነው። «ይሄኛው ሰውዬ ብስክሌተኛ ነው መሰለኝ። ባቱ ያስታውቃል።» ወረቀቱን ለባዘዘው መለሰ፤ ጠርዙ ላይ የጣቱ ጥቁር አሻራ ቀርቶበታል። «ይቅርታ፣ ቅባት አስነካሁባችሁ።»

አሁን መናገር ያለባት እሷ ነበረች። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ፍሬወይኒ ግን ጎንበስ ብላ ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ባዘዘው ማህደሩን በችኮላ ዘጋ፤ «በጣም እናመሰግናለን ጋሼ» አለ። ልጆቹ ተነሡ። አባቷም «በሉ ደሓን ኹኑ» አላቸው። ሁሉንም እኩል አያቸው፤ እሷንም እንደ ሌሎቹ አይቶ አለፋት።

ሥዕሎቹን ተነጋግረው ሊጨርሱ ወደ አንድ ጁስ ቤት አመሩ። ስምዖን አንዴ አፉን ሊከፍት ሲል ኢኽላስ በክርኗ ጎሰመችው። ከዚያ እርምጃዋን አዘግይታ ከፍሬወይኒ ጎን ተራመደች።

«ጆሯቸው» አለቻት በዝግታ።

«ምን?»

«ባለፈው ስትስዪያቸው ጆሯቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ጠባሳ አድርገሻል። ዛሬ ገና እንደተቀመጥን አየሁት። አልጠይቅሽም። ሌላውም አይጠይቅሽም።»

ብትሰድባት ይሻል ነበር። ብትሰድባት መልሳ ትሰድባት፣ ትጣላት፣ ይቀልላት ነበር። አሁን የምትጣላው ሰው የላትም።

ጁስ ቤቱ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ገጥመው ወረቀቶቹን ዘረጉ። አቮካዶ የሚፈጨው ማሽን ይጮኻል። ፍሬወይኒ ላለማየት ሞከረች፤ ግን በየት በኩል ትዞራለች? አባቷ ጠረጴዛውን ሞልቶታል። ስምዖን የሳለው አባቷ፣ ኢኽላስ የሳለችው አባቷ፣ ባዘዘው በጥቂት መስመር የከተበው አባቷ። በሁሉም ላይ ያለችው እግር አንድ ናት። በሁሉም ላይ ሱሪው ታጥፏል። በሁሉም ላይ አንድ ሰው ሥራውን ይሠራል፤ ጎማው ቀጥ ብሎ መሽከርከሩን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይመረምራል። ፍሬወይኒ ምስኪኑን ሰውዬ በየወረቀቱ ፈለገችው። አጣችው።

«ቀልደኛ ናቸው ግን» አለ ስምዖን፣ የኢኽላስን ክርን እየፈራ። «'እጅማ አላጣሁም' ሲሉ! እኔ ብሆን...»

ፍሬወይኒ ተነሣች።

«የት ነው?» አላት ባዘዘው።

«መጣሁ» አለች። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ትታ ወጣች።

ሱቁ ደጃፍ ላይ አባቷ ያንን ጎማ አሁንም ጭኑ ላይ እንደያዘ ነበር፤ አያሽከረክረውም። ሲያያት ጀርባውን አቀና።

«ዕቃ ረስተሽ ነው?» አላት። እንደ እንግዳ ሰው ነው የጠየቃት። በእሷ በኩል አሻግሮ መንገዱን ቃኘ፤ ብቻዋን መሆኗን ሲያረጋግጥ ነው ትከሻው ዝቅ ያለው።

«ኣቦይ» አለች። አባቴ ማለት ነው።

«ነይ ቁጭ በይ። ቅባቱን ተጠንቀቂ።»

ጎማ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷን አቅፋ መሬት መሬት አየች። «ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል?»

«ልጄ ናት አትልም?»

«አንቺ ሳትዪ እኔ እንዴት እላለሁ?» አለ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያው የታወቀ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ነው። ከቆይታ በኋላ፣ «እግሯን ግን አሳምረሻታል። የኔዋ እንኳ እንደዚያ አልነበረችም።»

«ከፎቶው ነው የወሰድኳት።»

«አውቄያታለሁ። ያን ፎቶ በተነሣሁበት ውድድር መጨረሻው ዳገት ላይ የከዳችኝ እሷ ናት።»

ፍሬወይኒ ልትስቅ ቃጣት፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነው። አባቷ ጨርቅ አንሥቶ እጁን ጠረገ፤ ጨርቁ ራሱ ከእጁ የቆሸሸ ነው።

«የካርድ ቀን» አለ ከዚያ፣ «በመስኮት አይቼሻለሁ።»

ቀና አለች።

«ግቢው መሃል ሆኜ ስፈልግሽ ነው ያየሁሽ። ከዚያ ወዲህ ነው ሥራ የበዛብኝ።»

ሥራ በዝቶበት ነው ብላ ታምን ነበር። አባቷ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከመንገዷ ዘወር ሲልላት መኖሩን አላወቀችም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ተናድደህብኝ ነበር?» አለች በጣቶቿ መሃል።

«ከፍቶኝ ነበር» አለ። «መናደድ ግን... በምን አፌ? ይህችን ሱቅ የከፈትኩ ሰሞን ደንበኛ ሲመጣ እግሬ ላይ ጆንያ ጣል አደርግ ነበር። ለጎማ የመጣ ሰው እኮ ነው፤ እግሬን ምን ሊያደርገው? እናትሽ ነች አንድ ቀን ጆንያውን ሰብስባ የወሰደችብኝ።»

አንድ ልጅ ብስክሌቱን እየገፋ መጥቶ ንፋስ አስሞላ፤ ሄደ።

«ጓደኞቼ ጁስ ቤት ናቸው» አለች ፍሬወይኒ።

«ሂጂ እንግዲህ፤ ይጠብቁሻል።»

«ና አብረን እንሂድ።»

እጁ ጨርቁ ላይ ቆመ። ፊቷን መረመረ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ሥዕሉን እንዳየው አድርጎ። «አዝነሽልኝ ከሆነ ይቅርብኝ።»

ፍሬወይኒ «አይደለም» ልትል ነበር፤ ዋጠችው። ዛሬ የቀለለ መልስ መስጠት አልፈለገችም። «ስምዖን አውራ ጣትህን አሳጥሮታል» አለች። «እኔ ብነግረው አያምነኝም። እጅህን አምጥተህ ራስህ አሳየው።»

አባቷ የግራ አውራ ጣቱን አውጥቶ አየው። «እኔም አይቻለሁ» አለ። «ጉንዳን አስመስሎታል።»

ክራንቹን አቀበለችው። የቆርቆሮውን በር ገጥማ ቁልፉን አዞረች። እጁን ከጄሪካኑ ታጠበ። መንገዱ ላይ ሲወጡ፣ ሁልጊዜ አብረው ሲወጡ እንደሚያደርገው፣ «አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ቀስ ብዬ እመጣለሁ» አላት። ሁልጊዜም ትቀድም ነበር።

«አይ» አለች።

ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ ለክራንች አይመችም። በእሱ እርምጃ ተራመደች። ሁለት ሴቶች ዞረው አዩአቸው፤ የፍሬወይኒ ጆሮ እንደገና ጋለ፤ እርምጃዋን ግን አላፈጠነችም። ሐፍረቱ አልተዋትም ነበር። አብሯቸው ነው የሄደው።

የጁስ ቤቱን በር በትከሻዋ ገፍታ አባቷ እስኪያልፍ ያዘችው። የማሽኑ ጩኸት ቆሞ ነበር። ስምዖን ገለባው አፉ ውስጥ እንዳለ ቀና አለ። ባዘዘው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ኢኽላስ» አለች ፍሬወይኒ፤ «ወንበር ጨምሪልን።»